በሃያ አምስት ዲግሪ

አቃቂ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፊሮምሳ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እናትህ ዳሲቱም ደኅና ናት፤ ትናንት በአጥር ላይ ሰላም ተባብለናል።

ደብዳቤህን የአይሱዙው ሹፌር ሐሙስ ዕለት አመጣልኝ። «ስልክ እያለ በደብዳቤ መመላለሱ አይከብድዎትም ወይ?» ላልኸው፣ በስልክ የተነገረ ቁጥር ነፋስ ይወስደዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ኤሌክትሮኒክስ ሳስተምርህ ይህን ብቻ ሳትማር ቀርተሃል።

አሁን ወደ ሥራው። በጤና ጣቢያው ያሉት ስድስት የክትባት ፍሪጆች በአሥራ ሁለት ቮልት ይሠራሉ፤ የሶላር ባትሪዎችህ አርባ ስምንት ቮልት ናቸው። በመካከላቸው የሚቆመው የእኛ ሬጉሌተር ነው። በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ቮልቱን ያወርዳል፤ ፍሪጆቹ በአንድ ጊዜ ሲነሡ ስልሳ አምፔር ይጠይቁታል። ስልሳ አምፔር ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ሸክሙን ለሁለት ኮይል ከፍዬዋለሁ።

የሚያበሩትና የሚያጠፉት ሞስፌቶች፦ ያገኘኸው ባለ ስልሳ ቮልት አይሆንም። ባትሪዎቹ «አርባ ስምንት» ይባሉ እንጂ ፀሐይ ስትበረታ ሃምሳ ስምንት ይደርሳሉ፤ በየማጥፋቱ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በላይ የሚዘል ቮልት አለ። ባለ መቶውን ውሰድ። ካፓሲተሮቹንም በመያዣ አቅማቸው ብቻ አትምረጥ። በውስጣቸው የሚመላለሰውን አምፔር ሳይግሉ ይችሉታል ወይ ብለህ ጠይቅ። አንድ ትልቅ ከማድረግ ስድስት ትንንሾችን ጎን ለጎን አቁም።

ስለ ኮይሉ ኮር፣ ሽቦው ስለሚጠመጠምበት እምብርት፣ የጻፍኸውን ግን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነውና አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ኮር ብናደርግስ?» ትላለህ። በአንዱ ኮይል የሚያልፈው ቢበዛ ሠላሳ አምስት አምፔር ነው። ኮሩ ሳይጠግብ አርባ ሁለት ይሸከማል። ከአምራቹ ወረቀት ላይ ያነበብሁት ቁጥር ነው፤ ያሰላሁትም እኔ ነኝ። ሒሳብ የፈራ ሰው ዕቃ ያገዝፋል። አንተን እንዲህ አድርጌ አላስተማርሁህም።

ደግሞም ኮይሉ ተጠምጥሞ አልቋል። ቃሊቲ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥመውን ኦልጅራን ታውቀዋለህ። የሽቦውን ውፍረት ሲያይ፣ «እማማ፣ ይሄ ምን ሊያሠራ ነው?» አለኝ። «ፍሪጅ» አልሁት። «ፍሪጁ ይበራል እንዴ፣ እንደ አውሮፕላን?» ብሎ ሱቁን በሙሉ አሳቀብኝ።

በእጄ ባሉ ዕቃዎች ገጣጥሜ ቤቴ ውስጥ ፈትኜዋለሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልሳ አምፔር አስጎተትሁት። ውኃው ሞቀ። ኮይሉ ለብ ከማለት አላለፈም፤ እጄን አሳርፌበት ዳዊት ደግሜያለሁ።

ዕቃው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። እንደሥዕሉ ገጣጥመው።

የሺሐረግ ገብረጻድቅ

---

ከሎጊያ ወዲህ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ፣

እንኳን ለልደት በዓል በሰላም አደረስዎ። ዕቃው አንድም ሳይጎድል ደርሶኛል። የዘገየሁት ሥራው ሳያልቅ ምን ብዬ እጽፋለሁ ብዬ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሬጉሌተሩ ከተተከለ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ስድስቱም ፍሪጆች ይሠራሉ። ሲስተር ሳምራ ጧትና ማታ ቴርሞሜትሩን እያነበበች ትጽፋለች፤ አራት ዲግሪ ላይ ቆሟል። የመጀመሪያውን ቀን ማብሪያውን ስጫን ትንፋሼን ይዤ ነበር። ዘበኛው፣ «ፈንጂ ነው እንዴ? ንገረኝና ልራቅ!» አለኝ።

ስለ ኮሩ ያሉኝን ተቀብያለሁ። ሁለተኛ አላነሣውም።

እናቴን ሲያገኟት ሰላም ይበሉልኝ።

ተማሪዎ ፊሮምሳ

---

አቃቂ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፊሮምሳ፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብለህ፣ የሆነውን ከአይሱዙው ሹፌር አፍ እንድሰማ አደረግኸኝ። ሬጉሌተሩ ተቃጥሏል አለኝ። ክትባቱም ተበላሽቷል አለኝ። «ታዲያ ፊሮምሳ ምን ይላል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱማ መናገር ትቷል» አለኝ።

ማዘኑን እናቆየውና የምጠይቅህን መልስልኝ። መጀመሪያ የተቃጠለው የቱ ነው? የላይኛው ሞስፌት ነው ወይስ የታችኛው? ኮሩን ስታስር ብሎኑን ከመጠን በላይ አላጠበቅኸውም? ሥዕሉ ላይ ያልነበረ ነገር ጨምረሃል? እውነቱን ጻፍ። ስገጣጥም ተቻኩዬ ነበር የምትል ከሆነም ጻፍ፤ የቸኮለ ተማሪ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም።

በዚያ ሰሞን በጥላ ሥር፣ ሳጥኑ ውስጥና ኮይሉ ላይ ስንት ዲግሪ እንደነበረም እፈልጋለሁ። ግምት አልፈልግም።

የሺሐረግ ገብረጻድቅ

---

ከሎጊያ ወዲህ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ፣

ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙ በማድረጌ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የላይኛው ሞስፌት ነው የተቃጠለው። ቮልቱ ከልኩ ሲያልፍ እንዲቆርጥ ያስገጠሙኝ መከላከያ ሠርቷል፤ ፊውዙን ቆርጦ ፍሪጆቹን አድኗቸዋል። ነገር ግን እኔ በዚያን ቀን ወደ ሌላ ጣቢያ ፓምፕ ልጠግን ሄጄ ነበር። ስመለስ ፍሪጆቹ ኃይል ካጡ ሁለት ቀን ተኩል ሆኗቸዋል። ሲስተር ሳምራ ክትባቱን ቆጥራ፣ ፈርማ አስወገደችው። በማግሥቱ የክትባት ቀን ነበር። ከሌሊት ጀምረው በእግር የመጡ እናቶች በሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ለእነርሱ የነገረቻቸው ሲስተር ሳምራ ናት። እኔ ከባትሪው ክፍል አልወጣሁም።

ለድርጅቱ ባቀረብሁት ሪፖርት ስገጣጥም ብሎኑን ከልኩ በላይ አጥብቄ ኮሩን እንደሰነጠቅሁት ገልጫለሁ። ስለዚህ እርስዎ የሚጨነቁበት ነገር የለም።

ለጠየቁኝ ዲግሪ፦ በጥላ ሥር አርባ አራት፣ ሳጥኑ ውስጥ ሰባ አንድ። ኮይሉን በሌላ ሞስፌት ለጥቂት ጊዜ አሠርቼ ለክቼዋለሁ፤ መቶ ዲግሪ ነው።

ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ።

ተማሪዎ ፊሮምሳ

---

አቃቂ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፊሮምሳ፣

በሹፌሩ በኩል የላክኸው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። እናትህ ሰምታ እንደሆነ ትጠይቃለህ። ሰምታለች። እኔ አልነገርኋትም፤ እዚያ ቀን ሥራ የሚሠራ የዘመዳችሁ ልጅ ደውሎ ነግሯታል። ለእኔ ያልነገርኸኝንም ነገራት፦ ከሥራ ታግደሃል፤ ሰኔ 24 ቀን ሰመራ ላይ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለህ፤ ጥፋቱ ካንተ ከሆነ ትባረራለህ፣ ከእንግዲህም የጤና ጣቢያ ዕቃ እንዳትነካ ይጻፍብሃል። ይህን ሁሉ ይዘህ «የሚጨነቁበት ነገር የለም» ብለህ ጻፍህልኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ግቢ ብላት እምቢ አለች።

«የሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ልጄ ሰነፍ ነው?»

«አይደለም።»

«ጠጪ ነው?»

«ኧረ ዳሲቱ!»

«ታዲያ አንቺ ቁጭ አድርገሽ አስተምረሽው፣ አንቺ ሥዕሉን ሠርተሽለት፣ ዕቃውን አንቺ መርጠሽለት፣ እሱ ብሎን ማጥበቅ ያቅተዋል? ብሎን! ይሄ ልጅ በስድስት ዓመቱ የአባቱን ሬዲዮ ፈቶ የገጠመ ልጅ ነው።»

ምን እንደመለስሁላት ትጠይቀኝ ይሆናል። «ሙቀቱ ያደክማል፣ ሰው ይሳሳታል» አልኋት። እንዲህ ብዬ እጇን ያዝሁ። እርስዋም እጄን ሳመችኝ፤ «አንቺ ባትኖሪ ይሄኔ ምን ይሆን ነበር» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በአጥር በኩል ድምፅዋን ስሰማ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ተሰነጠቀ ያልኸውን ኮር ላክልኝ። ስንጥቁን ማየት እፈልጋለሁ። ዛሬ ከዚህ የበለጠ መጻፍ አልቻልሁም።

የሺሐረግ

---

አቃቂ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፊሮምሳ፣

ኮሩ ደረሰኝ። በጋዜጣ ጠቅልለህ ያለ አንዲት ቃል ነው የላክኸው። ፀሐይ ላይ ወስጄ በጣቴ ዙሪያውን ዳሰስሁት፤ በጥፍሬ ፈተሽሁት። ስንጥቅ የለውም። አንተም እንደሌለው ታውቃለህ፤ ሪፖርቱን የጻፍኸው እያወቅህ ነው።

እንግዲህ የምነግርህን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ደብዳቤህ ላይ «መቶ ዲግሪ» የሚለውን ባየሁ ጊዜ ነገሩ ገብቶኛል። እናትህ በሬ ላይ ስትጠይቀኝም ገብቶኝ ነበር። ያጣሁት ማረጋገጫ እንጂ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ማረጋገጫውንም ሆን ብዬ አዘገየሁት። ማክሰኞ ዕለት የአምራቹን ወረቀት ይዤ ኦልጅራ ዘንድ ሄድሁ።

«ይህን ሁለተኛውን ገጽ አንብብልኝ» አልሁት።

«እማማ፣ አንቱ እያሉ እኔ ላንብብ? ደግሞ ምን ሊቀልዱብኝ ነው?»

«አንብብ አልሁህ።»

ሳቁን ተወው። ወረቀቱን ወደ በሩ አዞረና፣ «የተሳለ መስመር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ ከፍ ያለ ነው፣ መቶ ላይ ዝቅ ብሏል» አለኝ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስነበብሁት፤ እዚያው ቆሜ በቃሌ አሰላሁ። በሃያ አምስት ዲግሪ አርባ ሁለት አምፔር የሚሸከመው ኮር በመቶ ዲግሪ የሚሸከመው ሠላሳ ሦስት ነው። በውስጡ የሚያልፈው ሠላሳ አምስት ነው። ኮሩ ጠገበ፤ የጠገበ ኮር ላይ የተጠመጠመ ኮይል ተራ ሽቦ ነው። አምፔሩን የሚገታው ስለሌለ ሞስፌቱን አቃጠለው። አሠራርህ ላይ እንከን የለም። የእኔ ኮር ለአቃቂ ኅዳር የተመረጠ ኮር ነው።

ተሳስቻለሁ ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። የስሌት ስህተት ግን አይደለም።

ሁለተኛ ገጽ እንዳለ አውቅ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ሲያትሙልኝ ፊደሉ ደቀቀብኝ። ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለማንም አልተናገርሁም። የአንተን ደብዳቤ ፊደሉ ትልልቅ ስለሆነ በማጉያ መነጽር አነብበዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ግን በማጉያውም ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ አነበብሁት። ሁለተኛውን የጎረቤት ሰው ጠርቼ ማስነበብ አፈርሁ። የሺሐረግ ገብረጻድቅ አንብቡልኝ ልትል ነው? በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቁጥር የሃያ አምስት ዲግሪ መሆኑ ከጎኑ ተጽፏል፤ አይቼዋለሁ። ይበቃል አልሁ።

ከዚያ አንተ ስለ ሙቀቱ ጠየቅኸኝ። ያንን ገጽ እንድከፍት የሚያስገድደኝን አንዱን ጥያቄ ጠየቅኸኝ። ስለዚህ ሰደብሁህ። «ሒሳብ የፈራ ሰው» ያልሁህ አንተ ፈርተህ አይደለም።

እስከ መጨረሻ ሳያነብ መልስ የሰጠን ተማሪ እጁን በማስመሪያ እመታ ነበር። አንተንም መትቼሃለሁ።

ዛሬ ለኮሚቴው ይህንኑ ጽፌ፣ ፈርሜ በፖስታ ልኬያለሁ። ብሎኑን አጠበቅሁ ያልኸውን ሪፖርት አንሣ።

ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል። እንዴት እንደሚጻፍ ግን አልተማርሁትም፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ እንደ ትእዛዝ ሆነብኝ።

የሺሐረግ

---

ሰመራ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህርቴ፣

ደብዳቤዎን ካነበብሁ አራት ቀኔ ነው።

መጀመሪያ የኮሚቴውን ልንገርዎ። የላኩት ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ጸሐፊው ጠርቶኝ፣ «ማኅተም የለውም፣ የመሥሪያ ቤት አርማ የለውም። ሴትየዋ ማን ናቸው? አክስትህ ናቸው?» አለኝ። አስተማሪዬ ናቸው አልሁት። «አስተማሪህማ ስላንተ ክፉ አይጽፉም» ብሎ ሳይመዘግበው መለሰልኝ። ስለዚህ ነገሩ እንዳለ አለ። ሪፖርቴንም አላነሣሁም።

ያላነሣሁበትን ምክንያት እነግርዎታለሁ። እስካሁን ለማንም አልተናገርሁትም።

ያንን ሁለተኛ ገጽ እኔ አንብቤዋለሁ። ኅዳር ላይ፣ ለእርስዎ ከመጻፌ በፊት። ወረቀቱ በስልኬ ውስጥ ነበር። መስመሩ ሲወርድ አይቻለሁ፤ አስልቼም ሠላሳ ሦስት አግኝቻለሁ። «ተሳስተዋል» ብዬ መጻፍ ስላልቻልሁ «ብናደርግስ» ብዬ ጻፍሁ። ሲቆጡኝ ደግሞ፣ እርስዎ የሚያውቁት እኔ የማላውቀው ነገር ይኖራል አልሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያ አላልሁም። ዝም አልሁ እንጂ። ትልቁ ኮር አዲስ አበባ እንደሚገኝ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ትንሹን ገጠምሁት።

እርስዎ አላዩትም። እኔ ግን አይቼ ነው የገጠምሁት። እነዚያ እናቶች በሩ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ክፍሉ ውስጥ የተደበቅሁት ለዚህ ነበር። ስለዚህ የምቀጣው በሐሰት ሪፖርት ቢሆንም ያለ ጥፋቴ አይደለም።

ሌላ ሰው ባያውቀው ይሻላል። እርስዎም ባሉበት ይረፉ።

ተማሪዎ ፊሮምሳ

---

አቃቂ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፊሮምሳ፣ ልጄ፣

ደብዳቤህን ኦልጅራ አነበበልኝ። እንደሚያነብብልኝ አውቀህ ብትጽፍ ኖሮ አንዳንዱን ትተወው ነበር። ሲጨርስ ማሽኑን አጠፋና፣ «እማማ፣ ይሄ ልጅ አንቱን የሚፈራው እኔ ቀረጥ ሰብሳቢን ከምፈራው በላይ ነው» አለኝ። የሚያስቅ ነበር። አልሳቅሁም።

አይተህ ዝም ማለትን ያስተማረህ ማን እንደሆነ አንተ ረስተኸው ወይም ልታስታውሰኝ ሳትፈልግ ቀርተህ ይሆናል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርህ። በሰሌዳው ላይ አንድ ምልክት ገልብጬ ጽፌ፣ አንተ እጅህን አውጥተህ «ቲቸር፣ መደመር መሆን የለበትም?» አልኸኝ። ልክ ነበርህ። ልክ መሆንህን ወዲያው አይቻለሁ። ግን ሳይፈቀድልህ ተናግረሃል ብዬ እስከ ደወሉ ድረስ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምሁህ። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ምልክቱን አጥፍቼ አስተካከልሁት። ከዚያ ወዲህ በክፍሌ እጅህን አላወጣህም። እኔም ልጁ ሥርዓት ገባ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የአንተ ጥፋት አለ፤ የለም ብዬ አላታልልህም። ሆኖም ጥፋትህን በሌላ ጥፋት ስም አትሸከመውም። ለኮሚቴው ያየኸውን አየሁ፣ የተውኸውን ተውሁ በል። እኔም የእኔን እላለሁ። ወረቀቴ ማኅተም ከሌለው፣ እኔ ራሴ ልቅረብላቸው። ሰኞ በማለዳው አውቶቡስ እንነሣለን። ኮሩንና የአምራቹን ወረቀት ይዣለሁ፤ ሁለተኛውን ገጽ አንብቢ ቢሉኝ አልችልም እላቸዋለሁ።

እኔ ስናገር ክፍሉ ውስጥ አትሁን። ፊትህን ካየሁ ቃሌን አለሳልሳለሁ፤ ወይም አንተ ትነሣና ልታድነኝ ትሞክራለህ። ሁለቱንም አልፈልግም።

ለአዲሱ ሬጉሌተር ኮሩን አንተ ምረጥ። ስሌቱን እንድመለከተው አትላክልኝ።

«እንነሣለን» ያልሁትን ልብ ብለኸው ይሆናል። ለእናትህ ማክሰኞ ዕለት ነገርኋት። ቆስጣ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠችው ሁሉንም ነገርኋት፤ ዓይኔን፣ ገጹን፣ በሬ ላይ ተቀምጣ ስትጠይቀኝ ያወቅሁትን። ከዚያ ተነሣች።

«እጅሽን ስሜሻለሁ እኮ» አለችኝ።

«ስመሽኛል።»

«ቆስጣዬን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ይዛው ወጣች።

ረቡዕ አልመጣችም። ሐሙስም አልመጣችም። ዛሬ በማለዳ በአጥሩ ላይ፣ «ለመሆኑ አውቶቡሱ ላይ ማን ሊያሳፍርሽ ነው? ታርጋውን እንኳ አታይ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ሰው እጠይቃለሁ» አልኋት። «እስካሁን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ቀጥላም፣ እርስዋ እንደምትወስደኝ፣ በመንገድ ላይ ግን እስከ ሰመራ ድረስ እንደማታናግረኝ፣ እንዳላናግራትም ነገረችኝ።

ከአሁን ጀምራለች። ከሰዓት በኋላ ስንቅ ልታሰናዳ መጥታ በዝምታ ስትሠራ ቆየች። ስትወጣ ብቻ፣ ቀሚስዋን እያራገፈች፣ «እዚያ ስንደርስ ልጁን መጀመሪያ ማን ያናግረዋል?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ እንጂ፣ እናቱ» አልኋት።



«አይደለም» አለች። «መጀመሪያ አንቺ ገብተሽ ለሰዎቹ ትናገሪያለሽ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ልጄን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።»

የሺሐረግ